ሥዕሉ የሚፈጽመው ዐረፍተ ነገር
ስለ ተከታታይ ሥዕልና ስለ መግለጫው ሰዋስው

በአዲስ አበባ በልደታ የሚገኘው ሰፈር የሚጠራበት «አብነት» የተሰኘው ቃል፣ እየታየ የሚሠራበትን ምሳሌ ያመለክታል። የአገራችን ሥዕል ታሪክም በአመዛኙ የአብነት ታሪክ ነው። ሠዓሊው የቀደመውን እያየ ሠርቷል፤ ተመልካቹም ምልክቶቹን በልማድ ተምሮ ሥዕሉን እንደ ጽሑፍ አንብቧል። ስለሆነም ዛሬ «ኮሚክስ» የሚባለው ተከታታይ ሥዕል፣ በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከስዊሱ ሮዶልፍ ቶፕፈር ጋር ስሙ ቢያያዝም፣ በመሠረቱ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም።

ለዚህ ዋናው ማስረጃ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአዲስ አበባ በብዛት የተሣለው የንግሥት ሳባ ታሪክ ነው። ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍሎች የተከፈለው ይህ ሥዕል እንደ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ንግሥቲቱ በየክፍሉ ደጋግማ መታየቷ የሰው ብዛትን ሳይሆን የጊዜን ማለፍ ይነግራል።

ሥዕሉ ቅጽልንም ይተካል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ሁለት ዐይናቸው እየታየ ሲሣሉ፣ ሰይጣንና ይሁዳ በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። በ1888 ዓ.ም. የተደረገውን የዐድዋ ጦርነት በሚያሳዩ ሥዕሎችም የጠላት ወታደሮች በአብዛኛው የሚታዩት በጎን ነው። «ክፉ» የሚል ቃል ሳይጻፍ ፍርዱ ተሰጥቷል።

ለቋንቋ ተመራማሪ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የመግለጫው ሰዋስው ነው። በግእዝ መግለጫው በ«ዘከመ» ይጀምራል፤ «ዘከመ ተሰቅለ» እንደሚባለው። በአማርኛ ደግሞ «ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም ስትሄድ» ይባላል። «ስትሄድ» በተራ ንግግር ማሰሪያ አንቀጽ የሚጠብቅ ጥገኛ ግሥ ነው፤ እዚህ ግን ማሰሪያው ራሱ ሥዕሉ ነው። የጋዜጣ ፎቶግራፍ መግለጫም «ንግግር ሲያደርጉ» እያለ ይህንኑ ሥርዐት ይከተላል። ተርጓሚው «ስትሄድ»ን ወደ እንግሊዝኛ በጊዜ ማመልከቻ ቃል ቢመልሰው፣ አንባቢው የማይመጣ ፍጻሜ ይጠብቃል፤ የሥዕሉም ድርሻ ይጠፋል።

በዘመናዊው ተከታታይ ሥዕል ችግሩ ይገለበጣል። ንግግሩ ከተናጋሪው አፍ አጠገብ በክበብ ውስጥ ስለሚጻፍ ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፤ ሆኖም የእንግሊዝኛው ተውላጠ ስም አንድ ስለሆነ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» ወይም «እናንተ» መሆኑን የሚወስነው ሥዕሉ ነው። የተናጋሪውን ዕድሜ፣ የአድማጩን ጾታ፣ ማን ከማን ፊት እንደ ቆመ ሳያይ ከጽሑፉ ብቻ የሚተረጉም ሰው እናትን በልጇ አፍ «አንተ» ሊያሰኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጨረሻ እንደ ወጣው እንደ «ጀምበር» ያሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚታተሙ ሥራዎች ጥያቄውን የዕለት ተዕለት ጉዳይ አድርገውታል።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገር ይታሰብበት እንላለን። አንደኛ፣ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው የ«ሲ»ን የመግለጫ አገልግሎት ራሱን አስችለው ይመዝግቡ። ሁለተኛ፣ «ኮሚክስ» በመነሻው ቀልድን ስለሚያስታውስ፣ ለሙያው ቃል «ተከታታይ ሥዕል» ቢመረጥ ይሻላል፤ የሳባንም ሸራ የዛሬውንም መጽሔት ያለ አድልዎ ያቅፋልና።