ከአርሲ ነገሌ እስከ ሬጅስትራር መስኮት

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ቡናው ገና አቦሉ ነውና ሳንቸኩል እንጨዋወት። ዛሬ የምተርክላችሁ ሴሚስተር በጠባ ቁጥር በዚህ በስምጥ ሸለቆ መንገድ ሻንጣውን ይዞ ስለሚጓዘው ወጣት፣ ደግሞም በሬጅስትራር መስኮት ፊት ቆሞ ስለሚፈርማት አንዲት ቀጭን ወረቀት ነው። ስሊፕ ይሏታል። ግቢ የዋላችሁ ታውቋታላችሁ፤ ልጅ የላካችሁ ግን ምናልባት ስሟንም አልሰማችሁ፤ ለሁላችሁም የምትሆን ወሬ ይዣለሁ።

በአርሲ ነገሌ አንዲት እናት ነበሩ። የነገሌ አረቄ ዝናው ሩቅ ነው፤ እኚህም እናት እንደ ብዙ የከተማዋ ሴቶች ከሌሊት ተነስተው፣ እሳት አንድደው፣ ጭሱ ዓይናቸውን እያቀላው፣ ጠብ ጠብ የምትለውን አረቄ በጀሪካን እያጠራቀሙ ሴት ልጃቸውን 12ኛ ክፍል አደረሷት። ልጅቷም አላሳፈረቻቸውም፤ ነጥቧ መጣላት፣ አዳማም ደረሳት፣ ከዚያም እናትና ልጅ ጥሪ መጠበቅ ጀመሩ።

ጥሪ ስላችሁ፣ በደጉ ዘመን የጥሪ ወራት ይታወቅ ነበር፤ አደይ አበባው ሲፈነዳ ተማሪው ዕቃውን ይሸክፋል፣ ጥር ላይ ይፈተናል፣ የካቲት ላይ ሁለተኛውን ሴሚስተር ይጀምራል። ከዚያ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና ግቢዎቹ ተዘጉ፣ እሱ ሳይነሳ የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፣ የ2012 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናም ወደ 2013 ዓ.ም. አጋማሽ ተገፋ፣ እናም ሰው ወሩን ትቶ ማስታወቂያ መጠበቅ ጀመረ። የእኛ ልጅ ተራ የደረሰው በዚህ ቀኑ በተዛባበት ዘመን ነው፤ በየማለዳው ስልኳን ከፍታ ስታይ፣ እናትየው ደግሞ «ዛሬስ ጠሩሽ?» ሲሏት ወራት አለፉ።

ጥሪውም አንድ ቀን ወጣ። ማስታወቂያውን ታውቁታላችሁ፤ በየዩኒቨርሲቲው አንድ ዓይነት ነው። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ትጥቅ ይልና፣ መጨረሻ ላይ ቀድሞም ሆነ ዘግይቶ የሚመጣ እንደማይስተናገድ ያስጠነቅቃል። እናትየው ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስነበቧት። ከዚያ ገበያ ወጥተው ብርድ ልብሱን ገዙ፣ ሰርተፊኬቶቹን በፌስታል ጠቀለሉ፣ ፌስታሉን በነጠላ ቋጠሩ፣ ቋጠሮውንም ከእቅፋቸው ሳያወርዱ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈሩ።

መንገዱን እስቲ አብረን እንጓዘው። ከነገሌ ወደ ሰሜን ስትወርዱ ብርዱ ወደኋላ ይቀራል፣ ግራሩ ይበዛል፣ በስተቀኝ ላንጋኖ ቀይ ውኃውን ዘርግቶ ይታያል፣ በስተግራ አብያታ ከሩቅ ነጭ ሆኖ ያበራል። ከዚያ ቡልቡላ ነው፣ ከቡልቡላ አዳሚ ቱሉ ነው፣ ከአዳሚ ቱሉ ባቱ ነው፤ እናንተ ዝዋይ የምትሉት፣ የዓሣው አገር። ከዚያም መቂ ትመጣለች፤ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በሣጥን በሣጥን ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። ዓለም ጤና ታልፋለች፣ ሞጆ ስትደርሱ የደረቅ ወደቡ ኮንቴይነርና የጂቡቲ ከባድ መኪና መንገዱን ሞልቶታል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ። ጥቂት ሄድ እንዳላችሁ በኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ረጃጅም ክንፋቸውን ሲያዞሩ ታያላችሁ። ልጅቷ ያን ጊዜ «ሃርሜ፣ እዪ!» አለች። እናትየው አዩ፣ ቋጠሯቸውንም ጠበቅ አደረጉ።

አዳማ ነፋስ የማያጣት ከተማ ናት፤ አቧራውና ባጃጁ እኩል ይቀበሏችኋል። ግቢውም የራሱ ታሪክ አለው። በፊት፣ አዳማ ናዝሬት ስትባል፣ የከተማዋ ልጅ ለከፍተኛ ትምህርት በባቡር ወይ ወደ አዲስ አበባ ይወጣ ነበር፣ ወይ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ አለማያ ይገባ ነበር። ከዚያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ቀጥሎ የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆነ፣ በ1998 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን የዛሬ ስሙን ያዘ። ስሙ ሲለዋወጥ፣ የሚሰጠው ትምህርት ሲሰፋ፣ የምዝገባው ሳምንት ግን በየሴሚስተሩ መምጣቱን አልተወም።

ያን ሳምንት ግቢ ውስጥ ቆማችሁ ብታዩት ደስ ይላችኋል። ሻንጣ የሚጎትት አለ፣ ዶርም ምደባ የሚፈልግ አለ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ጣቱን እየነዳ ስሙን የሚያድን አለ። ድሮ ስሊፑ በእጅ ይሞላ ነበር፤ የኮርሱ ስም፣ ኮዱ፣ ክሬዲቱ ይጻፍና አማካሪ መምህሩ፣ አድቫይዘሩ፣ ይፈርማል፣ አንዱ ቅጂ ለዲፓርትመንቱ፣ አንዱ ለሬጅስትራር፣ አንዱ ለተማሪው ይቀራል፤ ሰልፉም ከፀሐይ እስከ ፀሐይ ነበር። ዛሬ ብዙው ነገር ኮምፒዩተር ላይ ገብቷል። ሰልፉ አጥሯል፣ የፊርማው ክብደት ግን ያው ነው። ከዚህ ሌላ የወጪ መጋራት ውል አለ፤ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለምግቡ፣ ለማደሪያውና ለትምህርቱ ከወጣው የድርሻውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ይፈርማል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ የምትጨመር እያንዳንዷ ዓመት ዕዳ ሆና ትጻፋለች።

የእኛ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት በሰላም አለፈችው። ፍሬሽማን ሲኮን ኮርሱ ተቆርጦ የሚሰጥ ነው፤ እንግሊዝኛው፣ ሒሳቡ፣ ሎጂኩ፣ ሳይኮሎጂው፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊው ለሁሉም አንድ ነው፤ ተማሪው ፈርሞ ይገባል። እሷም ስሊፑን ሳታነብ መፈረም ለመደች። ከዚያም ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ደረሳት፣ ነገሌም እልል ተባለ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ አፕላይድ ሁለት የሚሉት የሒሳብ ትምህርት መጣ፣ ልጅቷም ታመመችበት፣ ሚድ አመለጣት፣ ፋይናሉን በግማሽ ልብ ተፈተነች፣ ኤፍ ሆነባት። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት «ሌላው ቢ ነው፤ የአንዱ ኮርስ ነገር ይደረስበታል» ብላ ለእናቷም ሳትነግር ተወችው። ሒሳቡን እናንተም አስሉት፤ የ18 ክሬዲት ሴሚስተር ቢሆን፣ የ14ቱ ክሬዲት ቢ 42 ነጥብ ያመጣል፣ የ4 ክሬዲቱ ኤፍ ባዶ ነው፣ 42 ለ18 ሲካፈል 2.33 ይሆናል። ለመመረቅ የሚጠየቀው 2.00 ነውና፣ በዚህ ዓይን ሲታይ ልጅቷ ከአደጋ በላይ ነበረች።

ቀጣዩ የምዝገባ ቀን መጣ። ሐሩር ነበር፣ ነፋሱ አቧራውን በመስኮቱ ያስገባው ነበር። ተራዋ ደርሶ የኮርሶቿ ዝርዝር ሲከፈት አፕላይድ ሦስት የለም።

«ጋሼ፣ አንድ ኮርስ ጎድሎብኛል» አለች።

ከመስኮቱ ወዲያ የነበሩት ሽማግሌ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ስክሪኑን አዩ፣ ከዚያም እሷን አዩ። «አልጎደለም ልጄ፤ ሁለትን ሳታልፊ ሦስት አይከፈትልሽም። ፕሪሪኩዚት ነው።»

«እሺ፣ ሁለትን አሁን ልድገመው።»

«አሁን አይሰጥም፤ የሚሰጠው በአንደኛው ሴሚስተር ነው። ቀጥሎ ሲመጣ ትወስጃለሽ።»

ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከኋላዋ ያለውን ተማሪ ጠርተው ከመቀጠላቸው በፊት «ዛሬውኑ አድቫይዘርሽን አግኚ፤ አድ-ድሮፑ ሳይዘጋ» አሏት፤ ኮርስ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት ጊዜ መሆኑ ነው።

እሷ ግን አድቫይዘሯን ለማየት አፈረች። ሄዳ ዶርሟ አልጋ ላይ ወደቀች፤ ያገኘቻትም ከበላይዋ አልጋ የምትተኛ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ይቺ ሲኒየር ብዙ አልመከረችም። ባለ ካሬ ወረቀት አወጣች፣ በማስመሪያ አሥር ዓምድ አሰመረች፣ የአምስት ዓመቱ አሥር ሴሚስተር መሆኑ ነው፣ ከዚያም በእርሳስ ኮርሶቹን በየዓምዳቸው ጻፈችና ቀስት መሳል ጀመረች። ከአፕላይድ ሁለት ወደ አፕላይድ ሦስት፣ ከአፕላይድ ሦስት ወደ ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ፣ ከሲግናልስ አንዱ ቀስት ወደ ኮንትሮል፣ አንዱ ወደ ኮሚዩኒኬሽን፣ አንዱ ወደ ዲጂታል ሲግናል ፕሮሰሲንግ። ወረቀቱ ክሩ እንደተመዘዘ ሹራብ ሆነ፤ አንዷ ጫፍ ስትሳብ እስከ መጨረሻው ዓመት ተተረተረ።

ልጅቷ ዓይኗን በቀስቶቹ ላይ እየመለሰች ብዙ ጊዜ ዝም አለች፣ ቀጥላም «ይሄን ማን ነገረሽ?» አለቻት።

«ማንም። እኔም ወድቄ ነው የሣልኩት» አለች ሲኒየሯ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል ወገኖቼ። ያ የኮርስ ሰንሰለት ምስጢር አልነበረም፤ በየዲፓርትመንቱ ካሪኩለም ላይ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ግን ከአረቄ ጭስ ሥር ያደገች ልጅ ካሪኩለም የሚባል ነገር ጠይቆ ማየት እንደሚቻል ከየት ታውቃለች? አባቱ መሐንዲስ የሆነ ልጅ እራት ላይ የሚሰማውን፣ እሷ የምትሰማው ከወደቀች በኋላ ነው። የእኛ አገር ዩኒቨርሲቲ በር ለድሀ ልጅ ሰፍቷል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ከገባ በኋላ ግን መንገዱን የሚያሳየው ሰው ብዙ ጊዜ ያው እንደሱ የደነገጠ ልጅ ነው።

በማግስቱ ሁለቱ አብረው አድቫይዘሩ ቢሮ ሄዱ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉለት። አድቫይዘሩ ወጣት መምህር ነው፤ ቀስቶቹን በጣቱ እየተከተለ አየና ወንበር ሳበላቸው። ከአፕላይድ ጋር ያልተያያዙትን ኮርሶች ለዩ፣ የሚቻለውን ወደዚህ ሴሚስተር አመጡ፣ ከአቅም በላይ እንዳይሆንም አንዱን መልሰው አወጡ፣ የአድ-ድሮፕ ፎርሙም ቀኑ ሳያልፍ ተፈረመ። ያም ሆኖ አንድ ዓመት መጨመሩ አልቀረም። ሲግናልስ በጊዜው አልተወሰደም፣ ኮንትሮልም ተከትሎት ዘገየ፣ ልጅቷ ከታናናሾቿ ጋር ክፍል ተቀመጠች።

ለእናቷ የነገረቻቸው ለዕረፍት ስትመለስ ነው። እሳቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ወረቀቱን አሳየቻቸው። እናትየው ፊደል አልቆጠሩም፤ ቀስቶቹን ግን አዩ፣ አንድ በአንድ ስሙን አስነገሯት፣ መጨረሻም «ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ይሄን አይተሽ ነው ማለት ነው» አሏት። ከዚያ ወዲህ ሴሚስተር ሊጠባ ሲል ከነገሌ ስልክ ይደወላል፤ ጥያቄውም «አሁን የምትወስጂው የቱን ነው? የቱንስ ይከፍታል?» የሚል ነው። ልጅቷ ዛሬ የመጨረሻ ዓመት ላይ ናት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይታለፍ የማይመረቁበት የመውጫ ፈተናም ከፊቷ አለ፤ ለእሱ ከመቶ 50 ያስፈልጋታል፣ የምታጠናውም ከዚያው ወረቀት ላይ መሠረት የሆኑትን ኮርሶች እየመረጠች ነው።

እንግዲህ ወሬዬ ይኸው ነው፣ ፍርዱንም እናንተው ታውቁታላችሁ። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ፣ ከመቂ እስከ አሰላ ልጅ የላካችሁ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሲደውል ገንዘቡንና ጤናውን ከጠየቃችሁ በኋላ፣ በዚህ ሴሚስተር የሚወስደውን ትምህርት ስም በስም አስቆጥሩት፤ ባይገባችሁም አስቆጥሩት፣ ሲቆጥር እሱ ራሱ ያየዋል። ሲኒየር የሆናችሁ ደግሞ የምዝገባው ሳምንት ሲመጣ ከበታች አልጋ ያለችውን ልጅ ስሊፕ ከመፈረሟ በፊት ተቀብላችሁ አንብቡላት።