ከከተማ ወጣ ብሎ መኖር፤ የሪቨርሳይድ መንደር ታሪክ

«ከተማ» የሚለው ቃላችን በጥንት ዘመን ንጉሥ ከነሠራዊቱ ድንኳን ተክሎ የሚሰፍርበትን ስፍራ ያመለክት ነበር። ንጉሡ ባለበት መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ ነጋዴውና ባለእጁ ይሰበሰባሉ፤ ክብርም ሆነ ሲሳይ የሚገኘው ከመካከሉ እንጂ ከዳርቻው አልነበረም። በሌላውም ዓለም ቢሆን በቅጥር በታጠሩት አሮጌ ከተሞች ከበሩ ውጪ የሚኖረው አብዛኛውን ጊዜ በውስጥ ቦታ ያጣው ድኻ ነበር። ታዲያ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ባለጸጋው ራሱ መካከሉን እየለቀቀ ዳርቻውን መምረጡ እንዴት መጣ? ይህስ ልማድ ምን አተረፈ፣ ምንስ አጎደለ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ አጠገብ የተቈረቈረችውን የሪቨርሳይድን መንደር ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቺካጎ በ1840 ነዋሪዎቿ አምስት ሺህ የማይሞሉ ትንሽ ከተማ ነበረች። በ1870 ግን ሕዝቧ ወደ 300,000 ተጠግቶ ነበር። ይህን ያህል ሰው በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሰበሰበው ንግድና የምድር ባቡር ነው። ስንዴው፣ እንጨቱና ከብቱ ከሩቅ እየተጫነ ይገባል፤ በ1865 የተከፈተው ታላቅ የከብት በረትም የሥጋውን ንግድ ወደዚያው ሳበው። ነገር ግን ብልጽግናው ብቻውን አልመጣም። የከተማዪቱ መሬት ዝቅተኛና ረግረግ ስለ ሆነ እድፉ ውሃ መሄጃ አጥቶ በየመንገዱ ይተኛ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ኮሌራ እየተመላለሰ ሕዝቡን ፈጀ። የፍሳሽ ቧንቧ ለመቅበር ሲባል መንገዶቹ በአፈር ከፍ ስለ ተደረጉ፣ ትልልቆቹን ሕንፃዎች ሳይቀር በክሪክ እያነሡ ከአዲሱ መንገድ ጋር ማስተካከል ግድ ሆነ።

እንዲህ ባለው ጭቃ፣ ጭስና ጩኸት መካከል ሀብት ያፈራ ሰው፣ ሀብቱን የሚያስገኝለትን ከተማ ሳይተው ከችግሩ የሚርቅበትን ዘዴ ቢሻ የሚያስደንቅ አይደለም። ዘዴውንም ያመጣለት ያው የምድር ባቡር ነበር። በ1864 ከከተማዪቱ ወደ ምዕራብ የተዘረጋው ሐዲድ ዴስ ፕሌንስ የተባለውን ወንዝ ይሻገር ስለ ነበር፣ ከከተማው መካከል ወደ 15 ኪሎ ሜትር በሚርቀው በዚህ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ጧት ወደ ሥራው ሄዶ ማታ ወደ ቤቱ ለመመለስ ቻለ። ኤምሪ ቻይልድስ የተባለ የመሬት ነጋዴ ይህን አስተውሎ በ1868፣ ማለት ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ባረፉበት ዓመት፣ ከባልንጀሮቹ ጋር ኩባንያ አቋቋመና 1,600 ኤከር መሬት ያዘ። ይህም በቀድሞው የአገራችን አለካክ ወደ 16 ጋሻ ይሆናል።

ኩባንያው ፕላን እንዲያወጡለት የጠየቃቸው ፍሬድሪክ ሎው ኦምስቴድንና ካልቨርት ቮክስን ነው። እነዚህ ሰዎች ከዐሥር ዓመት በፊት የኒው ዮርክን ታላቅ የሕዝብ መናፈሻ፣ ሴንትራል ፓርክን፣ የነደፉ ናቸው። ኦምስቴድ ባቀረበው ሐተታ ከተማና ዳርቻው ጠላቶች እንዳልሆኑ አስረዳ። በእርሱ አስተያየት፣ ከከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር ሰው የሚሻው የከተማን ጥቅም፣ ይኸውም ንጹሕ ውሃን፣ መብራትንና የተደለደለ መንገድን፣ ከገጠር አየርና ጥላ ጋር አጣምሮ ማግኘት ነው። የቺካጎ መንገዶች በማስመሪያ እንደ ተሰመሩ ቀጥ ብለው እርስ በርሳቸው ሲቋረጡ፣ የሪቨርሳይድ መንገዶች ግን እንደ ወንዙ እየተጠማዘዙ እንዲሄዱ ተደረገ። ቀጥ ያለው መንገድ ሰውን ያጣድፈዋል፤ ጠመዝማዛው ግን ዕረፍትንና ጸጥታን ያስታውሰዋል ብሎ ኦምስቴድ ያምን ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለጋራ የተተወው መሬት ነው። ከ1,600ው ኤከር ውስጥ ወደ 700 የሚሆነው ለመንገድ፣ ለእግረኛ መሄጃ፣ ለመናፈሻና ለመጫወቻ ሜዳ ተመደበ። ነጋዴ ሸንሽኖ ሊሸጠው ይችል ከነበረው መሬት እኩሌታ የሚያህለውን ለሁሉ ሲተው በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነበር። የወንዙም ዳር ለአንድ ጌታ ግቢ ሳይሰጥ ለመንደሩ ሁሉ መንሸራሸሪያ ሆነ። ቤት የሚሠራ ሰው ከመንገዱ 30 ጫማ ወደ ውስጥ ገብቶ እንዲሠራ፣ በቤቱና በመንገዱ መካከልም ዛፍ እንዲኖር ታዘዘ። ኦምስቴድ ረጅም የግንብ አጥርን አጥብቆ ይነቅፍ ነበር፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ የማይተያይበት፣ አላፊ አግዳሚውም ከድንጋይ በቀር የማያይበት መንገድ ለእርሱ ሰዎች ተዘግተው የሚጠበቁበትን ቤት ይመስለው ነበር።

አሳቡ መልካም ቢሆንም ገንዘቡ አልበረከተም። ኩባንያው ለነዳፊዎቹ የድካማቸውን ዋጋ በጥሬ ገንዘብ ፈንታ በቤት መሥሪያ ቦታ ለመክፈል ተዋውሎ ነበር፤ በሥራውም አካሄድ ስላልተስማሙ ኦምስቴድና ቮክስ በ1870 ትተው ወጡ። ከቺካጎ እስከ መንደሪቱ ሊዘረጋ የታቀደው ሰፊ ባለዛፍ ጎዳናም እንደ ታሰበው ሳይፈጸም ቀረ። በ1871 ቺካጎ በእሳት ጋየች፤ ወደ 300 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ፣ ወደ 100,000 የሚሆኑትም ያለ ቤት ቀሩ። ገንዘብ ያለው ሁሉ የተቃጠለውን ለመሥራት ወደ ከተማው ስለ ዞረ የመንደሪቱ ሥራ ተጓተተ። በ1873 ደግሞ በአሜሪካ ባንኮች ላይ የደረሰው ድንጋጤ ኩባንያውን ጨርሶ ጣለው።

እንግዲህ ባለቤቱ ሲወድቅ ሥራው አብሮ ይጠፋል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። እንዲህ ግን አልሆነም። ከኦምስቴድ በኋላ በመንደሪቱ የሠራው መሐንዲስ ዊሊያም ለባሮን ጄኒ፣ ኋላ በ1885 በቺካጎ በብረት አጥንት የቆመውን ዝነኛ ረጅም ሕንፃ የሠራው ነው፤ በሪቨርሳይድም የውሃ ማማ ተከለ። ነዋሪዎቹ በ1875 የራሳቸውን አስተዳደር አቁመው የመጀመሪያውን ፕላን ለመጠበቅ ወሰኑ። የፍራንክ ሎይድ ራይት ሥራ የሆነው የኩንሊ ቤተሰብ ቤትም በዚያ ይገኛል። በ1970 መንደሪቱ ከአገሪቱ ታሪካዊ ቅርሶች አንዷ ሆና ተመዘገበች። የመንገድ መብራቶቿ እስከ ዛሬ ድረስ በጋዝ የሚበሩ ናቸው።

ይሁን እንጂ ታሪክ የሚጽፍ ሰው መልካሙን ብቻ ሊያወሳ አይገባውም። እንደ ሪቨርሳይድ ባሉት መንደሮች የግንብ አጥር ባይኖርም ዋጋው ራሱ አጥር ነበር። ቦታውን ለመግዛትና በየቀኑ በባቡር ለመመላለስ የሚችል ሰው ገባ፤ ከብቱን የሚያርደውና ሐዲዱን የሚጠግነው ግን በጭቃው ውስጥ ቀረ። ከዚያም የከፋ ነገር ተከተለ። በሃያኛው ምዕተ ዓመት በብዙ የአሜሪካ የከተማ ዳርቻዎች ጥቁር ሰው ቤት እንዳይገዛና እንዳይከራይ የሚከለክል ቃል በሽያጭ ውል ይጻፍ ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል እንዳያስፈጽሙ ወሰነ። በቤት ሽያጭና ኪራይ በዘር መለየትን የሚከለክለው ሕግ ግን የወጣው ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ፣ በ1968 ነው። ከኦምስቴድ ሐተታ እስከዚህ ሕግ ድረስ ልክ መቶ ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንማራለን። ለሪቨርሳይድ ዕድሜ የሰጣት የመሥራቾቿ ሀብት አይደለም፤ እርሱ አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም። ዕድሜ የሰጣት ማንም ለብቻው እንዳይዘው ተብሎ የተተወው የወንዝ ዳር፣ ሜዳና ጥላ ነው። ያስነቀፋትም እርሷንና መሰሎቿን ያንኑ በረከት በጋራ የሚካፈለው ሰው ጥቂት ብቻ መሆኑ ነው። ዛሬ በአገራችንም ከተሞች ወደ ዳርቻቸው እየሰፉ፣ ያማሩ ቤቶችም በረጃጅም ግንቦች መካከል እየበዙ ይታያሉ። ያማረ ቤት መሥራት የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የአንድ ሰፈር ውበት የሚመዘነው በግንቡ ውስጥ ባለው ብቻ ሳይሆን ከግንቡ ውጪ ለአላፊ አግዳሚው በተተወለትም ጭምር ነው። ቦታ ሳይሸነሸን ለሁሉ የሚሆነውን አስቀድሞ መለየት ቀላል ነው፤ ከተሸነሸነ በኋላ ግን ማስመለሱ ይከብዳል።