የዲዮቅልጥያኖስ ቤት

ዲዮቅልጥያኖስን ታውቁታላችሁ አይደል? በባሕረ ሐሳብ «ዓመተ ሰማዕታት» የምንለው ቁጥር የሚጀምረው እሱ ከነገሠበት ከ284 (እ.ኤ.አ.) ነው። ያ ክርስቲያኖችን ያስጨፈጨፈ ንጉሥ በ305 ሥልጣኑን በፈቃዱ ለቀቀና ባሕር ዳር ወዳሠራው ቤተ መንግሥት ገባ። ቦታው ዛሬ በክሮኤሺያ ያለችው ስፕሊት ናት።

በ7ኛው ክፍለ ዘመን ጎረቤቷ ትልቋ ከተማ ሳሎና ስትወድም ሕዝቡ ሸሽቶ ቅጥሩ ውስጥ ገባ። አዳራሹን ከፋፍሎ ቤት ሠራበት፤ የንጉሡን መቃብር ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አደረገው። የሚጠራው በማን ስም መሰላችሁ? በዶምኒዮስ፣ እሱ ራሱ በ304 በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን በተገደለው የሳሎና ጳጳስ! የንጉሡ ሬሳ ግን የት እንደገባ አይታወቅም።

አሁን ልብ በሉ። ሰው ጥሏት የወጣው ሳሎና ዛሬ ፍርስራሽ ናት። ሰው የገባበት ቤተ መንግሥት ግን ከ1,700 ዓመት በኋላም ቆሟል። ግንቡን ያቆየው ኗሪው ነው፤ የሚኖርበት ሰው ጣሪያውን ይጠግናል።

ክሮኤሺያ የምትሄዱ ካላችሁ የፕሊትቪሴ ሐይቆችና ፏፏቴዎች፣ የዱብሮቭኒክም ግንብ አያምልጧችሁ። ስፕሊት ስትደርሱ ግን ቀና ብላችሁ በመስኮቶቹ መካከል የተሰጣ ልብስ ፈልጉ። ቤቱ ለቱሪስት እየተከራየ ኗሪው እየወጣ ነውና፣ ከድንጋዩ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ቅርስ ማለት ሰው አስወጥቶ ማጠር ብቻ ከሆነ፣ ለማን ነው የምናቆየው?