አቼቶ፣ ሶዳ እና ጭላሎ

የእሳተ ገሞራ መጫወቻ በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል። ሮቤ ላይ ግን ካርቶኑን መጠበቅ የለባችሁም። አናቱ የተቆረጠ ሃይላንድ፣ ዙሪያውን የሚለጠፍ ጭቃ፣ ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ ቀይ ቀለም፣ በመጨረሻ አቼቶ። አረፋው ገንፍሎ በጭቃው ላይ ሲወርድ ልጆች ይጮኻሉ፤ ወዲያው ደግሞ «ይደገም!» ይላሉ።

ይደገም። ግን በሁለተኛው ዙር እውነቱ ይነገራቸው፤ ከመሬት በታች አቼቶ የለም። ሶዳና አቼቶ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል፤ አረፋውን የሚገፋው እሱ ነው። በእውነተኛው እሳተ ገሞራ ውስጥ ያለው ግን የቀለጠ አለት ነው። በውስጡ ውኃና ጋዝ በግፊት ታምቀው ይኖራሉ። አለቱ ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ጋዙ አረፋ ይሆንና መውጫ ይፈልጋል። ለዚህኛው ተንጦ የተከፈተ ለስላሳ ከአቼቶ ይልቅ ጥሩ አስተማሪ ነው።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «እኛ አገር አለ እንዴ?»

አለ እንጂ! 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ጭላሎ ራሱ ጥንት የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ያፈሰሰው አለት በዝናብና በጊዜ ብዛት ተፈርፍሮ አፈር ሆነ፤ የአርሲ ስንዴና ገብስ የሚበቅለው እንዲህ ባለ አፈር ላይ ነው። የተራራው ስም የአውራጃ ስም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተጀመረው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ ብዙዎች «ካዱ» የሚሉት፣ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ከጭላሎ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲገባ ምርት ጨመረ። ትርፉን ያየ ባለመሬት ደግሞ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን ከመሬቱ አስነሳ። እሳቱ ከጠፋ ከስንትና ስንት ዘመን በኋላ፣ ትቶት የሄደው አፈር ሰው ከሰው አጣላ ማለት ነው።

እሳቱም ቢሆን ሁሉም ቦታ አልጠፋም። እዚያው አርሲ ውስጥ፣ ከስምጥ ሸለቆው በኩል ያለው ቱሉ ሞዬ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ እንደፈነዳ ይነገራል። ዛሬ ከሥሩ ካለው እንፋሎት መብራት ለማመንጨት ጉድጓድ ተቆፍሮበታል።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የቀለጠ አለት ከመሬት በታች ተሰንጥቆ ገባ። ወደ ላይ አልወጣም፤ ግን መሬቱ ለወራት ተንቀጠቀጠ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቆ ተነሳ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ላይ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ የመን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰና በረራ አሰረዘ። የአካባቢው አርብቶ አደር ግን የጨነቀው ሌላ ነገር ነበር፤ ሣሩ አመድ ለብሶ ከብቱ ምን ይብላ?

ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ይህን ሁሉ አይናገርም። ልጆች እሳተ ገሞራን የሩቅ አገር ትርዒት አድርገው ካደጉ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ምን እየሆነ እንዳለ የሚያስረዳቸው ወሬ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አረፋው ሲበርድ ጭቃውን ከመድፋታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ ይሄ ጭቃ ራሱ ከየት የመጣ ይመስላችኋል?