ግብር ከፋዩና የልማት ድርሻው በጎጃም

ገበሬ በአውድማው ላይ እህሉን ሲሰፍር ስንት ቁና እንዳገኘና ከዚያም ስንቱ ወደ ጎተራው እንደ ገባ ጠንቅቆ ያውቃል። የሚያስከፋው የእህሉ መጉደል ብቻ አይደለም፤ የጎደለው ወዴት እንደ ሄደ አለማወቁ ይበልጥ ያስከፋዋል። የመንግሥት ግብርም እንደዚሁ ነው። ከመራዊ እስከ ቡሬና እስከ ፍኖተ ሰላም ያለውን የምዕራብ ጎጃም ገጠር ታሪክ ስንመረምር፥ ባላገሩ በየዘመኑ የከፈለው ገንዘብ ተመልሶ ምን እንደ ሠራለት ሲጠይቅ እናገኘዋለን። እኛም በዚህ ጽሑፍ ጥያቄው ከየት ተነሥቶ እስከ የት እንደ ደረሰ በአጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ከጠላት ወረራ በኋላ መንግሥት የግብሩን ሥርዐት በአዲስ መልክ ሲያደራጅ፥ በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር ታወጀ። ዐሳቡ መልካም ነበር፤ በየጠቅላይ ግዛቱ የትምህርት ቦርድ ተቋቁሞ፥ ከመሬት የሚሰበሰበው ገንዘብ በዚያው አገር ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያም የጤና ግብር ተከተለ። ዳሩ ግን ትምህርት ቤቱና የጤና ጣቢያው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በአውራ መንገድ ዳር በሚገኙት ከተሞች ነበር። ከከተማ የአንድ ቀን መንገድ የሚርቀው ገበሬ ግብሩን እንደ ሌላው ሲከፍል፥ ልጁ ግን ከብት ሲጠብቅ ያድግ ነበር።

ይህን የመሰለውን ጉድለት ለማረም በመጋቢት ወር 1958 ዓ.ም. አውራጃዎች ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያስተዳድሩ የሚል ቁጥር 43 ትእዛዝ ወጣ። የተመረጡት አውራጃዎች ምክር ቤት ኖሯቸው፥ የትምህርቱን፥ የጤናውንና የገጠር መንገዱን ሥራ ራሳቸው እንዲመሩ የታሰበ ነበር። ነገር ግን ለአውራጃዎቹ የራሳቸውን ገንዘብ የሚያስገኝላቸው ሕግ በፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ። ሥልጣን ተሰጥቶ ገንዘብ ካልተሰጠ፥ በሬ ለሌለው ሰው ሞፈርና ቀንበር እንደ መስጠት ነው።

ነገሩ በዚህ ላይ እንዳለ በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። ሕጉ ዐሥራትን አስቀርቶ ግብሩን እንደየሰው ገቢ ለመመደብ የታሰበ ስለ ነበረ፥ በወረቀት ላይ ሲታይ ከቀድሞው የተሻለ ነበር። የጎጃም ባላገር ግን ገማቾቹ ሲመጡ ርስቱ ተለክቶ የሚወሰድበት መሰለው፤ ከዚያ በፊት በመዋጮና በልዩ ልዩ ክፍያ ተማርሮ ስለ ነበረም አዲሱን ሕግ አላመነውም። በዳሞት፥ በሞጣና በብቸና አመፅ ተነሣ። ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከሥልጣናቸው ተነሡ፤ የቆየውም የግብር ዕዳ ተሠረዘ። ከዚህ የምንማረው፥ ፍትሐዊ ሕግ እንኳ ቢሆን እምነት በሌለበት ቦታ ሥር እንደማይሰድ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት የድጎማውን ማከፋፈያ ቀመር እንዲወስን ሥልጣኑን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጠ። በ1995 የበጀት ዓመትም የአማራ ክልል ለወረዳዎች የጥቅል በጀት ድጎማ መስጠት ጀመረ። መመዘኛዎቹም የሕዝብ ብዛት፥ የልማት ደረጃና ገቢ ለመሰብሰብ የሚደረገው ጥረት ነበሩ። ገንዘብ በአማላጅ ሳይሆን በቀመር እንዲከፈል መደረጉ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ከድጎማው ብዙው ለመምህራንና ለሌሎች ሠራተኞች ደመወዝ ስለሚውል፥ ለግንባታ የሚተርፈው ጥቂት ሆነ። ስለዚህ ድንጋዩን የሚሸከመውና እንጨቱን የሚያዋጣው ያው ገበሬ ነው። ቀመሩም ገንዘቡን እስከ ወረዳው በር ያደርሰዋል እንጂ፥ ከዚያ ወዲያ ለየትኛው ቀበሌ እንደሚውል አይወስንም።

የመሥሪያ ቤቶች መተባበር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ግን በመራዊ አጠገብ ያለውን የቆጋን ግድብ ማየት ይበቃል። ከአፍሪካ ልማት ባንክ በተገኘ ብድር የተሠራው ይህ ሥራ፥ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ ለማልማትና 22,000 ሄክታር ያህል ተፋሰስ ለመጠበቅ የታቀደ ነበር። በላይኛው አገር ያለው ገበሬ እርከን ካልሠራ አፈሩ ታጥቦ ግድቡን ይሞላዋል፤ ውሃውን የሚያጠጣው ግን የታችኛው ገበሬ ነው። መሬቱ በውሃ የተያዘበት ደግሞ ሌላ ነው። አንዱ ለሌላው ሲደክም ድርሻው ካልታሰበለት እርከኑ ይፈርሳል። የእርሻው፥ የውሃውና የመሬት አስተዳደሩ መሥሪያ ቤቶች በየፊናቸው ከሄዱ ይህን ሊያስታርቁ አይችሉም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው፥ ሸክሙም ጌጡም እኩል ሲደርስ ብቻ እውነት ይሆናል።

እንግዲህ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሁሉ ይህን ታሪክ ልንዘነጋው አይገባም። ለቀበሌው የተመደበው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ፥ ለምን እንደ ዋለና ለሌላው ቀበሌ ለምን እንደ በለጠ፥ ሕዝቡ በተሰበሰበበት በሚገባው ቋንቋ ይነበብለት። መምህራንም ሂሳብ ሲያስተምሩ የወረዳቸውን በጀት ምሳሌ ቢያደርጉ፥ ተማሪዎቹ ሂሳቡንም መብታቸውንም በአንድነት ይማራሉ። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የተጣላው ከቁጥሩ ጋር ብቻ አልነበረም፤ የቁጥሩን ምክንያት የሚያስረዳው ስላጣ ጭምር ነበር።