የጉደር ስም በጠርሙስ ላይ፤ ስለ ወይን ጠጅ፣ ስለ ማር ጠጅና ስለ ቅምሻ በምዕራብ ሸዋ

በሀገራችን ወይን ጠጅ የቀመሰ ሰው ሁሉ የጉደርን ስም ያውቃል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ጉደር የተባለችውን ከተማ በዓይኑ ያየ ግን ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ አምቦ ይደርሳል። ከአምቦም ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ የጉደርን ከተማ፣ ፏፏቴውንና ወደ ዓባይ የሚገባውን ወንዝ ያገኛል። ቀዩ ወይን ጠጅ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

እኛ ወደዚያ የሄድነው በየዋህነት ነበር ማለት ይገባናል። በመጻሕፍት እንዳነበብነው በፈረንሳይና በኢጣልያ ገጠር የወይን ጠጅ የሚሠራ ቤት ለእንግዳ የሚሆን የቅምሻ ክፍል አለው። እንግዳው ተክሉን በመስኮት እያየ፣ ጠማቂው እያስረዳው ከየበርሜሉ ጥቂት ጥቂት ይቀምሳል፤ የወደደውንም ገዝቶ ይሄዳል። ጉደርም ስሟ በጠርሙስ ላይ ሠፍሮ የምትታወቅ ስለሆነች አንድ እንዲህ ያለ ቤት አናጣም ብለን ነበር። ከመንገዱ ዳር ወዳለ መጠጥ ቤት ገብተን «ጉደር አለ?» ብለን ብንጠይቅ አስተናጋጁ ወንዙ ከታች እንደሆነ በእጁ አሳየን። ነገሩ በሳቅ ካለፈ በኋላ ጠርሙሱ መጣ፤ ጠርሙሱ ግን እንደኛው ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ነበር። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው ነው። ወይን በሀገራችን ጥንታዊ ነው፤ ታዲያ ወይን ጠጅ በስሙ በሚጠራበት አገር ሳይቀር እንግዳ ሆኖ የቀረው ስለምን ነው?

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። «ወይን» የግዕዝ ቃል ነው፤ ከዕብራይስጡና ከግሪኩ ስም ጋርም የቅርብ ዘመድ ነው። በአማርኛ ግን መጠጡን ስንጠራ ወይን ብቻ አንልም፤ «ወይን ጠጅ» እንላለን። የማሩን መጠጥ ግን ጠጅ ማለት ይበቃል፤ የማር ጠጅ የምንለው ለመለየት ሲያስፈልግ ብቻ ነው። እንግዲህ በቋንቋችን ዋናው ጠጅ የማሩ ነው፤ የወይኑ በእርሱ እየተመሰለ የተሰየመ ነው። የመጽሐፍ ቅዱሱ ተርጓሚዎችም በቃና ዘገሊላ ውኃው ምን እንደሆነ ሲነግሩን የወይን ጠጅ ነው የሚሉት። ጥር 12 ቀን ያንን ተአምር የሚያከብረው ሕዝብ ግን በዓሉን የሚያደምቀው በጠላና በማር ጠጅ ነው።

ይህ ሲባል ግን ወይን ለሀገራችን አዲስ ነው ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ምዕት ዓመት እንደተጻፈ የሚገመተው የኤርትራ ባሕር መርሐ ጉዞ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ ወይን ጠጅ እንደነበረበት ይናገራል፤ ብዛቱም ጥቂት እንደነበር ይጨምራል። ንጉሡ ዒዛና ስለ ቤጃ ዘመቻ ባስጻፈው የድንጋይ ጽሑፍ በግሪክኛው ክፍል ለተማረኩት ሰዎች ከተሰጠው ቀለብ ጋር ወይን ይጠቀሳል። በአክሱም ከታላላቆቹ ሐውልቶች ሥር ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይም የግሪኮችን የወይን ዋንጫ የሚመስል ቅርጽ ተፈልፍሎ ይታያል። ይህ ሁሉ የሚያስረዳው ወይን ጠጅ በቤተ መንግሥትና በመቃብር ሥርዓት ዘንድ ክብር እንደነበረው ነው። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ መጠጥ የባሕሩ በር በጠበበ ጊዜ አብሮ መሳሳቱ የማይቀር ነው።

ከዚያ በኋላ ወይንን ያቆየችው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ያቆየችውም በዘቢብ መልክ ነው። ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን የደረቀ ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ የሚዘጋጅ ነው። ከ1520 እስከ 1526 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሀገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ይህንኑ አይቶ ጽፏል። በጻፈውም መሠረት በዚያ ዘመን የወይን ጠጅ በግልጽ የሚጠመቀው በሁለት ቦታ ብቻ ነበር፤ በንጉሡ በልብነ ድንግል ቤትና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት። ሌላው አብያተ ክርስቲያናት በዘቢብ ይቀድስ ነበር። ዛሬም ሥርዓቱ ይኸው ነው። በየደብሩ ቅጥር ግቢ ውስጥ ቤተ ልሔም የሚባል ትንሽ ቤት አለ፤ ኅብስቱና ወይኑ የሚሰናዱት በእርሱ ነው። ምኒልክ ባሠሩት በአዲስ ዓለም ማርያም በኩል ስናልፍ ከመካከላችን አንዱ እንደተናገረው፣ በምዕራብ ሸዋ የወይን መጭመቂያ የለም የሚል ሰው ተሳስቷል፤ በየደብሩ አንድ አንድ አለ፤ ነገር ግን እንግዳ ገብቶ የሚቀምስበት አይደለም። ቀልድ ቢመስልም ለታሪክ ቁም ነገር አለው። ወይን ለመሥዋዕት በተለየ መጠን ከማዕድ እየራቀ ሄደ፤ ማዕዱንም ማር ያዘው።

ማር ለምን አሸነፈ? በእኛ አስተያየት ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። የወይን ተክል ዓመታት የሚጠብቅ፣ መግረዝ የሚፈልግ፣ ጦርና ስደት በበዛበት አገር ለባለቤቱ የማያስተማምን ሀብት ነው። ቀፎ ግን ከዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ንቧም አርሶ አብሉኝ አትልም። የአየሩም ጠባይ አለበት። ወይን የብርድ ወራት መጥቶ እንዲያንቀላፋ ይሻል፤ እንደኛ ባለ ምድር ወገብ ቅርብ አገር የሚያንቀላፋው በመቀስ ነው፤ ገራዡ ነው ክረምትን የሚሠራለት። እውነተኛው ክረምት ደግሞ ለእርሱ ጠላት ነው። በአምቦና በጉደር ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ለጤፍና ለኑግ በረከት ቢሆንም ለወይን ቅጠልና ፍሬ ሻጋታን የሚያመጣ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የግብሩ ነገር ይመስለናል። ጠጅ የጌቶች መጠጥ ነበረ፤ ማርም የግብር ዕቃ ነበረ። የማር ግብር የሚሰፈረው ጉንዶ በሚባለው መስፈሪያ ነው። የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ በምዕራብ በኩል የሜጫን አገር በግዛታቸው ሥር ካደረጉ በኋላ በዚህ ወገን ያለው ማርም እንደ ሌላው ወደ ቤተ መንግሥቱ መንገድ ያዘ። የአገሩ ኦሮሞ ከዚያ በፊትም ማሩን እየጠመቀ ዳዲ፣ ከእህል የሚሠራውንም መጠጥ ፋርሶ እያለ ይጠጣ ስለነበረ መጠጡ አዲስ አልነበረም፤ አዲስ የነበረው ማሩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። በአዳራሽ የሚፈሰው ጠጅ የገበሬው ቀፎ እንደነበር የግብሩን ታሪክ የጻፉ ሁሉ አልደበቁትም። የጉደርን ስም ስንመረምር ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ከዚህ አገር ወደ ከተማ የሄደው ስም ብቻ አይደለምና።

ቅምሻም ቢሆን በአዳራሹ ሥርዓት ነበረው። አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ በፊቱ ይቀምሳል። ይህ ጣዕሙን ለመመስከር አይደለም፤ መርዝ እንደሌለበት በነፍሱ መያዣ መስጠቱ ነው። የፈረንጁ ቀማሽ ስለ ጠጁ ይፈርዳል፤ የኛ ቀማሽ ስለ ጠጁ ይዋሳል። ሁለቱ አንድ ቃል ቢጠሩም ሥራቸው እጅግ የተለያየ ነው።

ወደ አዲሱ ዘመን ስንመጣ፣ ከዚህ አገር መጀመሪያ በጠርሙስ የወጣው ወይን ሳይሆን ውኃ ነው። የአምቦ ውኃ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ ይታሸጋል። በአምቦ ውኃ ግን ስሙና ምንጩ አልተለያዩም፤ ከመሬት ሲፈልቅ ጋዙን ይዞ የሚወጣ ስለሆነ ሌላ ቦታ ሊሠሩት አይቻልም። ከብት አርቢው ሕዝብ ጨውነት ያለውን ምንጭ ሆራ ብሎ ከብቶቹን ሲነዳለት የኖረ ነው፤ እንዲህ ያለውን ውኃ ቀድመው ቀምሰው የመሰከሩት ላሞች ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም። ከተማዋም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ ዳሩ ግን በጠርሙሱ ላይ ያለው አምቦ የሚለው ስም አሸንፎ ቀረ።

የወይን ጠጁ ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ጉደር፣ አክሱሚት፣ ከሚላና አዋሽ ክሪስታል የሚባሉትን የሚሠራው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው። ከአብዮቱ በኋላ በመንግሥት እጅ ሆኖ ቆየ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ደግሞ ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ያለበት ኤይት ማይልስ የተባለው ድርጅት ከኢትዮጵያዊ ባለ ሀብት ጋር ሆኖ ገዛው። በዚያው ሰሞን ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በዝዋይ አጠገብ ከቦርዶ ያስመጣውን ተክል አጽድቆ በ2014 የመጀመሪያውን ጠጅ ለገበያ አወጣ። ዝዋይ የተመረጠው አሸዋማ መሬትና ከደጋው ያነሰ ዝናብ ስላለው ነው። በተክሉ ዙሪያ ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባ ጉድጓድ መቆፈሩን ስንሰማ፣ የቦርዶ ጠማቂ ይህን አላየም ብለን ተደነቅን።

ከዚህ ላይ አንድ የፍትሕ ጥያቄ ይነሣል። በፈረንሳይ ከ1935 ጀምሮ በጸና ሕግ መሠረት ቦርዶ ያልበቀለ ወይን ቦርዶ ተብሎ አይሸጥም፤ የቦታው ስም የቦታው ሰዎች ንብረት ነው። የኛም መንግሥት ይህን ዋጋ አያውቅም አይባልም። በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉት የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት አመልክቶ፣ ከስታርባክስ ጋር ከተከራከረ በኋላ በ2007 ተስማምቷል። ለቡና ገበሬ የታሰበው ለጉደር ያልታሰበው ስለምንድን ነው? ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስሙ ፋብሪካው በድካሙ ያስከበረው እንጂ ከተማዋ ያላፈራችው ነው፤ እንዲያውም ጠርሙሱ ባይኖር ጉደርን ማን ያውቃት ነበር ብለው ተከራከሩ። ይህ ክርክር ፍሬ የለውም አንልም። ይሁን እንጂ ዝና የሚያመጣ ስም ለተጠራበት አገር ቢያንስ አንድ የቅምሻ ቤት፣ አንድ የወይን ማሳያ እርሻ፣ ለጥቂት ወጣቶችም ሥራ ቢያመጣ ፋብሪካውን የሚጎዳው ነገር አይታየንም። ፏፏቴውን ለማየት የሚመጣው እንግዳ አሁንም ጠርሙሱን እየጠየቀ ነውና።

በመመለሻችን አምቦ አደርን። ማታ አንዲት አዴ ጠጅ ወደሚጥሉበት ቤት ገባን። ስለ ቅምሻ ልንጠይቃቸው መምጣታችንን ስንነግራቸው ሣቁብንና ሦስት ብርሌ አስቀረቡ። ከሦስቱ አንዱ ስኳር የገባበት ነው፤ ልጆቼ ለዩት አሉን። አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ የጌሾው ምሬት የበረታበት፣ አንዱ ደግሞ መጀመሪያ ላይ የሚጣፍጥ በኋላ ግን ምላስ ላይ ምንም የማይተው ነበር። ከአምስታችን ሦስታችን ተሳሳትን። እርሳቸው የተሳሳቱትን እየጠቆሙ፣ የማር ጠጅ ከጉሮሮ ካለፈ በኋላ አበባውን እንደሚያስታውስ፣ የስኳሩ ግን ወዲያው እንደሚጠፋ፣ በማር ዋጋ መወደድ ምክንያት ብዙ ጠጅ ቤት ወደ ስኳር እንደዞረ፣ ወጣቱም ልዩነቱን ስለማያውቅ እንደማይጠይቅ አስረዱን። ጋናቸውን በወይራ ጭስ እንደሚያጥኑ፣ ከመታጠኑም በፊት በግራዋ እንደሚያጥቡ አሳዩን። የፈረንሳዩ ጠማቂ ለእንግዳው የሚያደርገውን ሁሉ አደረጉልን፤ የጎደለው መስኮቱ ብቻ ነበር።

ከአጠገባችን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ግን ጠጅ አልጠጡም። ከሆቴል ያስመጡትን ጉደር በብርጭቆ ቀድተው፣ ግማሹን በአምቦ ውኃ ሞልተው ይጠጡ ነበር። ወይን አዋቂ ቢያያቸው ይቆጣ ነበር። እኛ ግን በዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚራራቁት ሁለቱ ከተሞች በአንድ ብርጭቆ ሲገናኙ አይተን ዝም አልን፤ አዴም ብርሌዎቹን ሰብስበው፣ ለነገ የሚጣለውን ማር ሊበርዙ ወደ ጓዳ ገቡ።