ሲኒማ የተከለከለባት ልጅ

ሲሲሊ ታይሰን ያደገችው ፊልም ማየት በተከለከለበት ቤት ነው። የተወለደችው በ1924 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒው ዮርክ ከተማ፣ ሃርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ነበር። ወላጆቿ ኔቪስ ከምትባል የካሪቢያን ደሴት የመጡ ስደተኞች ናቸው። እናቷ በሰው ቤት ተቀጥራ እየሠራች ልጆቿን የምታሳድግ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማትጠፋ ሴት ነበረች። ልጆቹም እንደዚያው ሰንበት ትምህርት ቤት፣ መዘምራን፣ የጸሎት ስብሰባ ሲሉ ነው የሚውሉት። ሲኒማና ቴአትር ግን የኃጢአት ጎሬ ናቸውና ስማቸውም አይነሳም። “የእኛን ቤት ነው እንዴ የምታወራው?” የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እገምታለሁ።

ሲሲሊ ካደገች በኋላ በቀይ መስቀል ቢሮ ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች። ዕድሜ ልኳን የጽሕፈት መኪና ስትመታ መኖር ግን አልሆነላትም። መጀመሪያ የፋሽን ሞዴል፣ ቀጥሎም ተዋናይት ለመሆን ተነሳች። እናትየው ይህን ስትሰማ ያለችው አጭር ነው፤ ይህን እየሠራሽ እኔ ቤት አትኖሪም። ልጅቷ ጓደኛዋ ዘንድ ገባች። ሁለት ዓመት ያህል እናትና ልጅ አልተነጋገሩም።

በእናትየዋ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን የዚያን ጊዜው የአሜሪካ ፊልም ለጥቁር ሴት ምን ይሰጣት እንደነበር እንይ። ወይ የነጭ እመቤት ገረድ፣ ወይ መሳቂያ፣ ወይ ሴተኛ አዳሪ። ልጇን አንገቷን ቀና አድርጋ እንድትሄድ ያሳደገች እናት እዚያ ውስጥ አልሰጥም ብትል ፍርሃቷ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። እንደ እኔ ከሆነ የዚህች ተዋናይት ታሪክ ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ የእናቷን በር ትታ ወጣች፤ የእናቷን “አይሆንም” ግን ይዛው ሄደች።

መድረክ የጀመረችው እዚያው ሃርለም ውስጥ ነው። በ1963 “ኢስት ሳይድ ዌስት ሳይድ” በተባለ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ፀጉሯን እንደ ተፈጥሮው አጭርና ጥቅልል አድርጋ ቀረበች። ዛሬ ምንም አይመስልም። ያኔ ግን ጥቁር ሴቶች በጋለ ሚዶ ፀጉራቸውን ሳያስተኩሱ አደባባይ መውጣት የሚያፍሩበት ዘመን ነበር።

ስሟን ያስጠራው በ1972 የወጣው “ሳውንደር” ነው። ታሪኩ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት ሉዊዚያና ውስጥ የሰው መሬት ስለሚያርስ የጭሰኛ ቤተሰብ ነው። አባትየው ልጆቹ ሲራቡበት ሥጋ ይሰርቃል፤ ይታሰራል፤ እርሻውም ልጆቹም በእናትየዋ በሬቤካ ጫንቃ ላይ ይወድቃሉ። ለሲሲሊ መጀመሪያ የታሰበላት የአስተማሪዋ ድርሻ ነበር። እሷ ግን ሬቤካን ካልሆንኩ ብላ ሙጥኝ አለች። ባሏ ከእስር ሲመለስ ከሩቅ አይታ በአቧራማው መንገድ እጆቿን ዘርግታ የምትሮጥበትን ትዕይንት ያየ ሰው አይረሳውም። ለኦስካርም ታጨችበት።

ፊልሙን ለማስተዋወቅ በተጠራ የጋዜጠኞች ስብሰባ ላይ አንድ ነጭ ሰው ተነስቶ የገዛ ጭፍን ጥላቻውን ተናዘዘ። ጥቁሩ ልጅ አባቱን “አባዬ” ብሎ ሲጠራ መስማት ከብዶት ነበር፤ የእሱም ልጅ እሱን የሚጠራው እንደዚያው ነበርና። ሲሲሊ ይህን በኋላ ደጋግማ ተናግራዋለች። ጥቁር አባት አባት መሆኑ የሚያስደንቀው ሰው ካለ፣ ለመታየት ያህል ብቻ መጫወት እንደማይበቃት የገባት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ወገኖቿን የሚያዋርድ ድርሻ ሲመጣላት እምቢ አለች። ዋጋውም ቀላል አልነበረም፤ ሥራ ሳታገኝ የቆየችባቸው ረጅም ጊዜያት ነበሩ። የቤት ሠራተኛ መሆንን ንቃ እንዳልነበር ልብ በሉ፤ የእናቷ ሥራ ነው፤ በ2011ም “ዘ ሄልፕ” ላይ ሠራተኛ ሆና ተጫውታለች። ጥያቄዋ ሴትየዋ እንደ ሰው ተጽፋለች ወይ የሚል ነበር።

ባመነችበት ሥራ ላይ ግን አትሰስትም። በ1974 በቴሌቪዥን በቀረበው የሚስ ጄን ፒትማን ታሪክ ላይ በባርነት የተወለደችን ሴት ከወጣትነት እስከ 110 ዓመቷ ሆና ተጫወተች፤ ሁለት የኤሚ ሽልማቶችም አገኘችበት። ከዚያ በ“ሩትስ” የኩንታ ኪንቴ እናት፣ በሌላው የማርቲን ሉተር ኪንግ ባለቤት ኮሬታ፣ በሌላው ባሮችን ያስመለጠችው ሃሪየት ተብማን ሆነች።

ይህን የምጽፈው የምስክርነት ታሪክ ለማስመሰል አይደለም። በለጋ ዕድሜዋ ወልዳለች፤ ከጃዝ ሙዚቀኛው ማይልስ ዴቪስ ጋር የነበራት ትዳርም ብዙ አቁስሏት በፍቺ አበቃ። ራሷም አልደበቀችውም።

በ1985 “ዘ ትሪፕ ቱ ባውንቲፉል” የተባለውን ፊልም አይታ፣ እንዲህ ያለ ድርሻ አግኙልኝና ጡረታ ልውጣ ብላ ነበር። ወደ ትውልድ መንደሯ ከልጇ ቤት ጠፍታ የምትሄድ አሮጊት ታሪክ ነው። ያንን ድርሻ ያገኘችው በ2013፣ ብሮድዌይ መድረክ ላይ ነው። ዕድሜዋ 88። በአውቶቡስ ጣቢያው ትዕይንት አሮጊቷ ዐይነ ስውሯ ፋኒ ክሮስቢ በ1873 የጻፈችውን ዝነኛ መዝሙር ታዜማለች። ተመልካቹ፣ በተለይም ከቤተ ክርስቲያን የመጣው ጥቁር ምእመን፣ አብሯት ይዘምር ጀመር፤ ትርኢት በታየ ቁጥር እንደዚያው። ውድ ትኬት ቆርጦ ጸጥ ብሎ በሚታይ ቴአትር! በዚያው ዓመት የቶኒ ሽልማት ወሰደች። ጡረታ ግን አልወጣችም።

ግለ ታሪኳ በጥር 26 ቀን 2021 ታተመ። ርእሱ “እንዳለሁ” እንደማለት ነው፤ በወንጌል ስብከት መጨረሻ ሰዎች ወደ ፊት ሲጠሩ ከሚዘመረው ከታወቀው መዝሙር የተወሰደ። መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ቀን በ96 ዓመቷ አረፈች። የተሸኘችው ምእመን ከነበረችበት ከሃርለሙ አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። ስሙ የእኛው ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ ራሷ እንደምትተርከው፣ በ1808 ኒው ዮርክ ውስጥ ጥቁሮች ለብቻቸው እንዲቀመጡ ሲታዘዙ እምቢ ብለው ከወጡት መሥራቾቿ መካከል ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ነበሩ።